ድንበር ተሻጋሪ ንግድና የሙዝ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር

በጋሞ ዞን፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዙሪያ የሚመረተው ሙዝ አዲስ አበባ ድረስ እንደሚሸጥ የታወቀ ነው። ሆኖም ሙዝ ከተቆረጠ በኋላ ብዙ ቀን የማይቆይ ምርት ስለሆነ፣ ዋጋውን የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ገበሬው ሳይሆን መኪና ይዞ የመጣው ነጋዴ ነው። ስለዚህ ማኅበራት ከውጭ አገር ገዢ ወይም ከጎረቤት አገር ማኅበር ጋር በቀጥታ መሥራት ይችላሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ይችላሉ እንላለን፤ ዳሩ ግን መንገዱን መለየት ያስፈልጋል።

በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ደንብ ቁጥር 1435 መሠረት፣ ከሁለት አገሮች የመጡ አባላት ቢያንስ በ30,000 ዩሮ ካፒታል አንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። በእኛ አገር ግን ማኅበር ከአካባቢው ተነሥቶ በመሠረታዊ ማኅበር፣ በዩኒየንና በፌዴሬሽን ደረጃ ያድጋል፤ የሚመራውም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። ስለሆነም ለእኛ የሚቀርቡት መንገዶች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ/ በውል መላክ፦ ዩኒየኑ ሕጋዊ ሰውነት ስላለው በራሱ ስም ከውጭ ገዢ ጋር ይዋዋላል። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ቡናውን በቀጥታ ወደ ውጭ በመላክ ይህን አሳይቷል። ይሁንና ሙዝ እንደ ቡና በመጋዘን አይቆይም፤ በጥሬው ተቆርጦ ከ13 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ መጓዝ አለበት። በመንገድ ለሚበላሸው ኃላፊው ማን እንደሆነ በውሉ ይጻፍ።

ለ/ የጋራ ኩባንያ ማቋቋም፦ ይህ በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ይመራል። በማኅበር አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ በኩባንያ ግን ድምፅ የአክሲዮንን ብዛት ይከተላል። የውጭ ሸሪክ ያመጣው ማቀዝቀዣ በከፍተኛ ዋጋ ከተገመተ፣ ገበሬው በገዛ ምርቱ ላይ አናሳ ይሆናል።

ሐ/ የትብብር ስምምነት፦ የጋራ ንብረት ሳይኖር ከጎረቤት አገር ማኅበር ጋር የገበያ ወሬና ሥልጠና መለዋወጥ ነው።

እኛ በመጀመሪያው መንገድ መጀመር ይሻላል እንላለን። ያለ ውጭ ካፒታል ማሸጊያና ማቀዝቀዣ አይገኝም የሚሉ አሉ። የገንዘብ እጥረት መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ብድር ተከፍሎ ያልቃል፤ አንድ ጊዜ የተሰጠ ድምፅ ግን በቀላሉ አይመለስም። ወደ ሁለተኛው መንገድ መሄድ የሚገባው ሒሳቡ በየዓመቱ ሲመረመር የቆየ ዩኒየን ብቻ ነው።

ከመፈረም በፊት ሦስት ነገሮች ይታሰቡ። አንደኛ፣ ውሉ በአባላት ቋንቋ ተነቦ በጠቅላላ ጉባኤ ይወሰን፤ የጋሞ ሕዝብ ነገሩን በዱቡሻ መክሮ መጨረስን ያውቅበታል። ሁለተኛ፣ ክርክር በግልግል የሚታይበት ቦታና ቋንቋ ይጠቀስ፤ ኢትዮጵያ የኒውዮርክን የግልግል ውሳኔዎች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 አጽድቃለች። ሦስተኛ፣ ሸሪክ የሚያመጣው የሙዝ ችግኝ ያለ ኳራንቲን ምርመራ አይግባ። ትሮፒካል ሬስ 4 የተባለው የሙዝ አጠውልግ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2013 በሞዛምቢክ ታይቷል፤ አፈር ውስጥ ከገባ ለብዙ ዓመታት ይኖራል።

ድንበር መሻገር የሚጠቅመው በራሱ ቤት የጠነከረውን ማኅበር ነው። አባላት መሪዎቻቸውን ዛሬውኑ ሒሳብና ውል አሳዩን ብለው እንዲጠይቁ አጥብቀን እንመክራለን።