ወድቆ የደበቀ ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ወደ ጮቄ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ብስክሌት ሊነዳ ወጣ። የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በዚያ አገር ዳገቱ ትንፋሽ ይጨርሳል፤ ቁልቁለቱ ፍሬን።

ማታ ራቱን አልበላም። «ደክሞኝ ነው፣ እምዬ» አለኝ። ሁለት ጊዜ ሲያስመልሰው ግን ጠረጠርኩ። ጓደኛውን አስጠርቼ «አልቆጣም፤ እውነቱን ንገረኝ» አልኩት። ለካ ቁልቁለት ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመትቶ ኖሯል፤ ያውም ያለ ሄልሜት። «ብስክሌቱን ትከለክለኛለች» ብሎ እንዳይናገሩ አስምሏቸዋል። ሆስፒታል አድሮ፣ ተመስገን፣ በሰላም ተመለሰ።

ወላጆች፣ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ከተጫነው፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት ወይም ካንቀጠቀጠው እስኪነጋ አትጠብቁ። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ልጁ ከደበቃችሁ ደግሞ ምን እንደምትጠብቁ እንኳ አታውቁም።

ብስክሌቱን አልከለከልኩትም። አሁን ደግሞ «ጮቄ ላይ በረዶ ሲጥል ስኪ መንሸራተት ይቻላል?» ይለኛል። የእኛ በረዶ ወርዶ ሳይቆይ ይቀልጣል አልኩት። ግን በ1998 ዓ.ም. በቱሪኑ የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በስኪ የተወዳደረው ሮቤል ተክለማርያም ጎማ በተገጠመለት ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ እንደነበር ስነግረው ዓይኑ በራ።

ሄልሜት ገዛሁለት፤ ፍሬኑንም አሠራን። ውላችን አንድ ነው፦ ሲወድቅ መጀመሪያ ለእኔ ይነግረኛል፤ እኔም ከቁጣዬ በፊት ጭንቅላቱን አያለሁ።