ለልጆቹ ሲባል

ቀኑ ታኅሣሥ 16 ነበር፤ የእኛ ገና ሊደርስ 13 ቀን ይቀረዋል። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ ባለ አንድ ኬጂ ግቢ ቀይ ካፖርት የለበሰ የገና አባት ቆሟል። ጢሙ ከፋርማሲ የተገዛ ጥጥ ነው። ላብ ሲያረጥበው ከአገጩ ይላቀቃል፣ በመዳፉ መልሶ ይጫነዋል፣ ደግሞ ይላቀቃል። አርባ ምንጭ በታኅሣሥ እኩለ ቀን እንዴት እንደምትሞቅ የሚያውቅ ሰው ያንን ካፖርት ሲያይ ላቡ በራሱ ጀርባ ይወርዳል። ከኋላው የፕላስቲክ ጥድ አለ፤ ያው ጥጥ በበረዶ ስም ተበትኖበታል። ልጆቹ ተሰልፈው አንድ በአንድ እቅፉ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ሚስ ፎቶ ታነሳለች፣ ቀጣይ። ተራው የደረሰው አንድ የአራት ዓመት ልጅ ግን አልቀመጥም አለ። አፍጥጦ አየና «እንዴ! ጋሼ ዘበኛው ናቸው እኮ!» ብሎ ጮኸ። ወላጆች በሳቅ ፈረሱ። ልጁ አልሳቀም፤ አለቀሰ። ልጁ የኔ ነው።

አጠገቤ የተቀመጠች ነጠላ የለበሰች እናት ኬኩ የጾም እንደሆነ ጠየቀች፤ ጾመ ነቢያት ከገባ ወር አልፎታል። «አይ፣ የፍስክ ነው» አሏት። «ይሁን እንግዲህ፣ ለልጆቹ ሲባል ነው» አለች። የበዓሉን መዋጮ የምትሰበስበው መምህርትም ለምን እንደሆነ ስጠይቃት የመለሰችልኝ ይህንኑ ነው፤ ለልጆቹ ሲባል።

ጠቤ ከዚህች ሐረግ ጋር ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ከኪሳችን የምናወጣት እሷን ነው። ተበድሮ በሬ የሚጥል ሰው ለልጆቹ ሲባል ይላል። ደመራ ሲለኮስ መስኮት የሚዘጋውም ለልጆቹ ሲባል ይላል። ነጭ የሀበሻ ልብስ አልብሶ «እንዳታቆሽሺ፣ አትንኪ፣ አትቀመጪ» እያለ ቀኑን ሙሉ ሲቆጣ የሚውለውም እንደዚያው። ልጆቹ ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ የት ነው ያሉት? አብዛኛውን ጊዜ ፎቶው ላይ።

እዚህ ላይ «ከውጭ የመጣ ሁሉ ክፉ ነው» የሚለውን መዝሙር ልዘምር እንዳልሆነ ልናገር። እኛ ጋሞዎች ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዛፍ አንጠላም። የጨንቻን ፖም ያመጡልን ሚስዮናውያን ናቸው፤ ዛሬ የፖሙን ችግኝ ሸጦ ልጁን ያስተማረ ስንት ገበሬ አለ። ልዩነቱ ያኛው ዛፍ መተከሉ ነው። ተቆፈረለት፣ ፍግ ተደረገለት፣ ተገረዘ፣ ልጅ ከከብት ጠበቀው። የኬጂው ጥድ ግን ከካርቶን ይወጣል፣ ወደ ካርቶን ይገባል።

የገና አባትም ቢሆን ታሪክ የለውም አልልም። መነሻው በአራተኛው መቶ ዘመን ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር የሚራ ከተማ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው ይላሉ፤ ለድሃ በስውር የሚሰጥ ሰው። ስንት አገርና ስንት ቋንቋ ዞሮ፣ መልኩ ተለዋውጦ፣ በ1931 እ.ኤ.አ. ሀደን ሰንድብሎም የተባለ ሠዓሊ ለኮካ ኮላ ማስታወቂያ የሳለው ባለ ድቡልቡል ጉንጭ ሽማግሌ ዓለምን አዳረሰ። በስውር ይሰጥ የነበረው ጳጳስ ሲቀላ ሲደርስ ከወላጅ መዋጮ ሰብስቦ ለዚያው ወላጅ ልጅ ከረሜላ የሚሰጥ ሆነ። ይህን ለአራት ዓመት ልጅ እንዴት አድርገህ ታስረዳዋለህ?

ወደ ደጋው ልውጣ። ከአርባ ምንጭ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ አባያና ጫሞ ከታች ተዘርግተው ይታያሉ፣ በመሃላቸው የእግዜር ድልድይ። እኔ ያደግኩት እዚያ ላይ ነው፣ ጴንጤ ቤት ውስጥ። የአያቴ ቤት አጥር ለአጥር ነበር፤ አያቴ አልዳነም፣ በእኛ ቋንቋ። ስለዚህ መስቀል ሲደርስ፣ ማለትም ማስቃላ፣ አንድ አጥር ሁለት ዓለም ይለያል።

ማስቃላ ለጋሞ የአንድ ቀን በዓል አይደለም። ቀኑና ርዝመቱ በየአካባቢው ይለያያል እንጂ ሳምንታት የሚቆይበት አለ። አባወራዎች ለበሬው ዓመቱን ሙሉ ያዋጣሉ፣ ሴቶች ቅቤ ያጠራቅማሉ፣ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ሲሸምን የከረመው ሁሉ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ይወጣል። የተጣላ ሳይታረቅ አይበላም። አዲስ ተጋቢዎች ተሸላልመው ገበያ ይወጣሉ፣ ሕዝብ ያያቸዋል። ይህን ሁሉ ማንም ይጽፈዋል። የማይጻፈው የልጆቹ ነገር ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ያጎቶቼ ልጆች ነሐሴ ላይ ሥራ ይጀምሩ ነበር። ለችቦው የሚሆን ደረቅ እንጨት ይለቅማሉ፤ ዝናብ እንዳይነካው እንሰቱ ሥር ሳይሆን ጣሪያ ሥር መደርደር እንዳለበት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ለከብቶቹ ሣር ያጭዳሉ፤ በበዓል ከብትም አይራብም ተብሎ። ከአክስት ቤት ቅቤ በኮባ ጠቅልሎ የሚያመጣው የስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ በመንገድ ላይ ጣቱን መክተቱ የታወቀ ነው፣ አክስትየው ያንን አስባ ጨመር ታደርጋለች። አባት ችቦ ሲለኩስ ልጁ የራሱን ትንሽ ችቦ ይዞ ከኋላ ይቆማል፤ ያ እንጨት ከየትኛው ቁጥቋጦ እንደመጣ ያውቃል። እንጨቱን ራሱ ለቅሞታልና «በዓሉ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም።

ሥራ ስል ስለምን እንደማወራ ግልጽ ይሁን። የጋሞ ሕፃናት «ሸማ ትማራላችሁ» ተብለው አዲስ አበባ ተወስደው በሌሊት ማግ ሲያጠነጥኑ እንዳደሩ እናውቃለን፤ እሱ ብዝበዛ ነው፣ ስሙ ሌላ ነው። እኔ የምለው ቅቤ ስለመያዝ ነው።

ከአጥሩ ወዲህ እኛ ነበርን። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሰነፍም አልነበረም። በማስቃላ ውስጥ ለአባቶች መንፈስ የሚቀርብ ነገር ነበረ፤ አባቴ ከዚያ ወጥቶ የመጣ ሰው ስለሆነ ሽታውን እንኳ ይፈራ ነበር። «ለናንተ ስል ነው» ይለን ነበር። ያን ሰሞን ማታ ማታ መስኮት ተዘግቶ፣ ፋኖስ በርቶ ትምህርት ይሰጠናል፤ ጣዖት ምን እንደሆነ፣ ዓለም ምን እንደሆነ። እኔ ግን በሳንቃው ስንጥቅ ያጎቴን ልጅ ችቦ እከተል ነበር። ነጥቧ ስትዞር፣ ስትወርድ፣ ስትጠፋ። ከውጭ ቅቤ ሲነጠር ይሸታል። ለብዙ ዓመታት የቅቤ ሽታ ኃጢአት ይመስለኝ ነበር፤ አሁንም ምግብ ቤት ገብቼ ክትፎ ሲያልፍ አንድ ነገር ደረቴን ይይዘኛል። ባለቤቴ ትስቅብኛለች።

በአባቴ ብቻ አልፈርድም፤ ከሱ በፊትም የሞከሩት ነበሩ። በ1659 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት የነበሩት ፒዩሪታኖች ገናን ያከበረ ሰው አምስት ሽልንግ ይቀጣ ብለው ሕግ አወጡ፤ የአረማውያን ፈጠራ ነው፣ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም ብለው። ሕጉ የተሻረው በ1681 ነው። እነዚያ ገናን የከለከሉባት አገር ዛሬ የጥጥ ጢሙን ለዓለም የምትልክ ሆናለች።

ይህ አጋጣሚ አይመስለኝም፤ በእኔ ቤት ሲሆን አይቻለሁና። አባቴ በዓሉን ከቤት አስወጣ፣ በምትኩ ያስገባው ግን የለም፤ ስብከት አስገባ፣ ስብከት ደግሞ ለልጅ በዓል አይሆንም። ባዶውን ቤት እኔ ወረስኩ። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ላይ ቤት ተከራይቼ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ልጄ «እኛ መቼ ነው በዓላችን?» ሲለኝ የምሰጠው አልነበረኝም። ቀድሞ ያንኳኳው ኬጂው ነው፤ ከፈትኩለት። የአባቴ የተዘጋ መስኮትና የዘበኛው ጥጥ ዘመዳሞች ናቸው የምለው ለዚህ ነው። አንዱ ልጁን ከልክሎ ያስቀምጠዋል፣ ሌላው እቅፍ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በሁለቱም ልጁ ተቀምጧል።

የሚገርመው መጽሐፍ ቅዱሱ ራሱ ከሁለቱም ጋር አለመስማማቱ ነው። ዘጸአት ምዕራፍ 12ን ያነበበ ያስታውሳል፤ የፋሲካው ሥርዓት ሲሰጥ ልጆች «ይህ ምንድን ነው?» ብለው እንደሚጠይቁ አስቀድሞ ተነግሯል፣ መልሱም ተዘጋጅቷል። ማለት መጀመሪያ የሚታይና የሚዳሰስ ነገር አለ፤ በግ አለ፣ መቃን ላይ የተቀባ ደም አለ፣ በጥድፊያ የሚበላ ቂጣ አለ። ጥያቄው ከዚያ ይመጣል። አይሁድ እስከ ዛሬ በፋሲካ ማዕድ ላይ ጥያቄውን የሚያስጠይቁት ከሁሉ የሚያንሰውን ልጅ ነው። እኛ ሰንበት ትምህርት ቤት መልሱን አስቀድመን እናስጠናለን፤ በቃል ይወጣዋል፣ ይጨበጨብለታል፣ ያልጠየቀውን መልሷልና ወዲያው ይረሳዋል። የኬጂው በዓል ደግሞ ጥያቄ የሚባል ነገር አይወድም። የኔ ልጅ «ጋሼ ዘበኛው ናቸው» ሲል ያን ቀን በግቢው ውስጥ እውነት የተናገረ እሱ ብቻ ነበር፤ ሚስ ግን «እሽሽ» አለችው።

ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቼ ይህን ሲሰሙ «የኛ ቤት ደህና ነው» እንዳይሉ። ቡሄ ልጆች ራሳቸው የሚመሩት በዓል ነበር፤ ጅራፍ ይገምዳሉ፣ ሆያ ሆዬ ይላሉ፣ ሙልሙላቸውን ያገኛሉ። አሁን በየግቢው በር ላይ ዘበኛ «ባለቤቶቹ የሉም» ይላቸዋል። ለእንቁጣጣሽ ሕፃናት በእጃቸው ይስሉት የነበረው አበባና መልአክ በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ ይሸጣል፤ ልጁ የሌላ ሰው ሥዕል አከፋፋይ ሆኗል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። የድሮው ማስቃላ ልጅን ያስተማረው ቅቤ መያዝ ብቻ አልነበረም። ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከማን ጋር እንደማይበሉ፣ የማን ልጅ ከማን አጥር እንደማያልፍ ያስተማረውም በዚያው በዓል ነው። የአባቴ ቤተክርስቲያን፣ መስኮቱን ያስዘጋችን ያቺው፣ የሸክላ ሠሪውን ልጅና እኔን አንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጣናለች። ይህን ውለታ አልክድም። ለዚህ ነው «ወደ ድሮው እንመለስ» የማልለው።

ደግሞ ልጅ ከበዓል ምን ሊማር እንደሚችል የሚጠራጠር ካለ መስከረም 2011ን ያስታውስ። ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች ተገድለው ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ለበቀል ወጣ። መስቀል ሊገባ ጥቂት ቀናት ይቀሩት ነበር። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቱ ቆመ፣ ተመለሰ። ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት ተራምዶ ማለፍ ነውር መሆኑን የዚያን ቀን በድምፅ ማጉያ የነገራቸው አልነበረም። ልጅ ሆነው ሲያዩት ኖረዋል፤ በዕርቅ ላይ፣ ከበዓል በፊት፣ በመሰብሰቢያው አደባባይ በዱቡሻው።

ልጁን የበዓሉ ሠራተኛ እናድርገው ስል «ኪራይ ቤት ውስጥ ደመራ አይለኮስም» የሚለኝ አለ። እውነቱን ነው፣ አከራዬ ከሰል እንኳ በረንዳ ላይ አታያይዙ ይላሉ። «ጊዜ የለንም» የሚለኝም አለ፤ እሱን ግን አላምነውም፤ ለፎቶው ግማሽ ቀን ተገኝቷል። ዳጣ ሲፈጭ ልጁን ሚጥሚጣው ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ እያስጠነቀቁ ነጭ ሽንኩርቱን ማስላጥ ይቻላል። የተቆረጠውን ድፎ ለጎረቤት ማስላክ ይቻላል፤ ሳህኑን ይሰብራል፣ ይስበረው።

በቀጣዩ መስከረም ልጄን ይዤ ወደ ደጋ ወጣሁ። አጎቴ አርጅቷል፣ ልጁን አይቶ ምንም ሳይለኝ «ና አንተ» አለና አንዲት ጭራሮ እንጨት አሸከመው። ሲመሽ ለኮሱ። እኔ ከአጥሩ ወዲያ ስቆም የመጀመሪያዬ ነበር፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ልጄ ግን ወደ እሳቱ ሄዶ እንጨቱን ጨመረና ወደ አጎቴ ዞሮ «ይሄ ለምንድን ነው?» አለው። አጎቴ ረጅም ነገር ነገረው፣ ግማሹን በጋሞኛ፤ ልጁ ጋሞኛ አይሰማም፣ ግን አፉን ከፍቶ ሰማው።

ሴቻ ከተመለስን በኋላ እናቱ አልጋው ሥር ስትጠርግ ጫፉ የከሰለ እንጨት አገኘች። ልትጥለው ስትል ቤቱን በጩኸት አናጋው። «ተይለት» አልኳት። ትናንት ከኬጂው ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ ተጽፎ መጣ፤ ቀይ ቆብና መዋጮ ይዛችሁ ላኩ ይላል። የፊርማው ቦታ ላይ አልፈረምኩም። እንጨቱ አልጋው ሥር እንዳለ ነው፤ አንሶላውን በከሰል አጥቁሮታል።