«ከፍለህ ተገላገል» ያልኩት እኔ ነኝ

ከወር በፊት ባጃጅ የሚነዳ የድሮ ተማሪዬ በኢንቦክስ ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ትራፊክ ትርፍ ጭነሃል ብሎ ከሰሰኝ። የጫንኩት ሦስት ሰው ነው፣ አራተኛዋ እናቷ ያቀፈቻት ሕፃን ናት። ፍርድ ቤት ብሄድ ያዋጣኛል?»

ወልቂጤም ቡታጅራም አስተምሬያለሁ፤ ልጁ ከሁለቱ በየትኛው ከተማ እንደሚሠራ አልናገርም፣ ባጃጁን ያውቁበታል። እኔ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ ሳላስብ ነው የመለስኩለት፦ «ልጄ፣ ከፍለህ ተገላገል።»

እንግዲህ ሃያ ዓመት ሥነ ዜጋ ያስተማርኩ ሰውዬ ነኝ። አንቀጽ 20ን በቃላችሁ ያስያዝኳችሁ፣ ሳትጽፉት ስትቀሩ ነጥብ የቀነስኩባችሁ እኔ ነኝ!

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ። መድኃኒት ልገዛ መኪናዬን ዳር አስይዤ ገባሁ። ስወጣ ወረቀቱ እየተጻፈ ደረስኩ፤ «ማቆም በተከለከለበት ቦታ»። ምልክቱ የት አለ ብዬ ብዞር አለ ለካ! ምሰሶው ወደ ኋላ ዘሟል፣ ፊቱን የሱቅ ሸራ ሸፍኖታል። ባለሱቁ «ጋሼ፣ ክረምት ከገባ ጀምሮ እንዲህ ነው፣ ስንቱ ተቀጣበት» አለኝ። ፎቶ አነሳሁ። ትራፊኩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በትሕትና ነው ያናገረኝ። «አባቴ፣ ምልክቱ ተተክሏል፤ ቅሬታ ካለዎት ሌላ ቦታ ያቅርቡ» ብሎ መንጃ ፈቃዴን ይዞ ሄደ።

ፎቶ አለኝ፣ ምስክር አለኝ። እጄ ግን ወዴት ሄደ መሰላችሁ? ወደ ኪሴ። «ስንት ነው? የት ነው የሚከፈለው?»

ለምን እንደሆነ ስንት ሌሊት አሰብኩበት። ገንዘቡ አይደለም። አዲስ አበባ ብሆን ከሺህ ታርጋ አንዱ ነኝ፣ ተከራክሬ ብሄድ ማንም አያስታውሰኝም። እኛ ከተማ ግን ትራፊኩ መኪናዬን ያውቃል፣ ቤቴን ያውቃል፣ ለቅሶ ላይ አብረን ተቀምጠናል። ነገም መንገዱ ላይ የሚቆመው እሱ ነው። ፍርድ ቤት ደጃፍ ብታይ ደግሞ እስከ ማታ ከተማው በሙሉ «ምን አድርጎ ነው?» ይላል። ስለዚህ መከራከር ሰውየውን እንደ መስደብ ይቆጠራል። እየተራገሙ መክፈል ጨዋነት ሆኗል።

እኔ ደግሞ ስድቡ የቱ እንደሆነ ልጠይቃችሁ። ሰውየውን በጀርባው «ሌባ» እያሉ መክፈል ነው ወይስ ዳኛ ፊት «ተሳስተሃል፣ ይኸው ፎቶው» ማለት? ሦስተኛውንም መንገድ ታውቁታላችሁ፤ መስታወት ዝቅ አድርጎ ጠበቅ አድርጎ መጨባበጥ። ያን እያደረገ «ትራፊኩ ሙሰኛ ነው» የሚለኝን ሰው ፖስቴ ላይ ባላየው ደስ ይለኛል።

ወረቀቱን ራሱን እንየው። ሾፌሩ «ትራፊክ ከሰሰኝ» ነው የሚለው፣ ወረቀቱንም የክስ ወረቀት ነው የምንለው። ክስ ከሆነ ተከሳሽ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል፣ የቀረበበትን ማስረጃ ያያል፣ ምስክሮችን ይጠይቃል ይላል። አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የዳኝነት ሥልጣን ላለው አካል የማቅረብ መብት ለማንኛውም ሰው ይሰጣል። እኛ ግን ክሱን እንደ ኮቴ ቀረጥ ከፍለን እናልፋለን።

ድሮ እንዲህ ነበርን? አያቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ከተባሉ እግራቸው ይያዝ ነበር፤ መንገደኛውን ዳኛ አድርገው ይሟገቱ ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚል ሕዝብ ነው እኮ። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎችም የጆካ ላይ ሲቀመጡ ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ አይፈርዱም። አሁን ግን ያለ ፍርድ ስትሄድብን «ተገላገልኩ» እንላለን።

«ለዚች ብለህ?» ለምትሉኝ የጀርመኑን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1978 ኦዝቱርክ የሚባል ቱርካዊ የቆመ መኪና ገጭቶ 60 ማርክ ተቀጣ። ተቃወመ፤ በኋላ ተቃውሞውን ቢተወውም ለአስተርጓሚ 63.90 ማርክ ክፈል ተባለ። ከቅጣቱ በለጠ ማለት ነው! ጉዳዩ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደረሰ። መንግሥት «ቀላል የደንብ ጥሰት ነው፣ ወንጀል አይደለም» አለ። ፍርድ ቤቱ በ1984 ትንሽም ብትሆን ቅጣት ናት፣ ስለዚህ የተከሳሽ መብት አለው፣ አስተርጓሚውም በነፃ ነው ብሎ ፈረደ። (ሰውየው መግጨቱ ሌላ ጉዳይ ነው።) የእኛም አንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘትን መብት ጽፎታል።

አሁን «እንግዲያ አጥፊው ሁሉ ይከራከር?» የሚል ይመጣል። አይደለም። ስልክ እያወራህ ከነዳህ፣ ወደ ጊቤ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ተደርበህ ካለፍክ፣ ክፈል፣ አፍህንም አትክፈት። በየዓመቱ ሺዎች በመኪና አደጋ በሚሞቱበት አገር ቁጥጥሩ ይላላ የምል ሰው አይደለሁም። የምናገረው ላላጠፋው ነው።

ላላጠፋውም ቢሆን ሒሳቡ ከባድ መሆኑን አልክድም። ተማሪዬ ባጃጁ የሌላ ሰው ነው፤ ሠራም አልሠራም የቀን ገቢ ለባለቤቱ ያስገባል። አንድ ቀን ፍርድ ቤት ዋለ ማለት ከኪሱ ጨምሮ ያስገባል ማለት ነው። የእኔ ምክር ከዚህ አንጻር ብልህ ይመስል ነበር። ግን አንድ ነገር ረሳሁ። ከደንብ ቁጥር 208/2003 ጀምሮ ጥፋት በብር ብቻ አይደለም የሚቆጠረው፣ በነጥብም ይመዘገባል። ደንቡ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፣ ቅጣቱም ጨምሯል። ነጥብ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ ይታገዳል። ለልጁ መንጃ ፈቃድ ማለት እንጀራ ነው። አርብ ዕለት ሌላ ክስ ገጥሞት ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ የመጀመሪያውን እንዳሉኝ ከፈልኩ። ነጥቡስ?»

መልስ አልነበረኝም። ብሩን ከፍሎ ተገላግሏል፣ ያልፈጸመው ጥፋት ግን ስሙ ላይ ተጽፏል። «አዎ አጥፍቻለሁ» ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ እዚህም ሁላችሁ ፊት እጠይቀዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እሄዳለሁ። ቀነ ገደቡ ሳያልፍ፣ ምክንያቴን በጽሑፍ አድርጌ፤ ወረቀቱን ኪስ ውስጥ ደብቆ ዝም ማለት መቃወም አይደለም፣ ቅጣቱን ማስጨመር ነው። ባለሱቁ «እመሰክራለሁ» ብሎኛል፣ እስከ ሰኞ ካልፈራ። ልጁም ሁለተኛውን ክሱን ይዞ አብሮኝ ይመጣል፤ የዚያን ቀን የባለቤቱን ገቢ እኔ እሸፍናለሁ።

ጠበቃ የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ አቤቱታውን ጽፌዋለሁ፣ እንድታዩልኝ ዛሬ ማታ በኢንቦክስ እልክላችኋለሁ። ቀይ እስክሪብቶ ተጠቀሙ፣ አልቀየምም።