አሳፍ የቀናባቸው ሰዎች

ባለፈው እሑድ አምልኮ ካለቀ በኋላ አንዲት እህት ጠጋ ብላ፣ "ጌታ ያያል ትሉናላችሁ፤ የእኛንስ አይቶታል?" አለችኝ።

ባለቤቷ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። መጋዘን ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብሎ ሞዴል 19 ላይ እንዲፈርም ጠየቁት፤ እምቢ አለ። መጀመሪያ ከቦታው አዘዋወሩት፤ ቆይተው ደግሞ ምክንያት ፈልገው አሰናበቱት። እርሱን የተካው ሰው ፈረመ። ያ ሰው ዛሬ መኪና ገዝቷል፣ ቤት እየሠራ ነው። ይባስ ብሎ እኛው ጉባኤ ፊት ቆሞ ጌታ ስለ ባረከው ምስጋና አቀረበ፤ ሕዝቡም እልል አለ። ነገሩን አላውቅም ነበርና እኔም አብሬ እልል ብያለሁ።

እህታችንን የበለጠ ያቆሰላት ግን ሊያጽናኗት የመጡት ሰዎች ናቸው። "ንስሐ ያልገባችሁበት ነገር ይኖር ይሆን? አሥራታችሁንስ በትክክል ትሰጣላችሁ?" ብለዋት ሄዱ። የኢዮብ ወዳጆች እንኳ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት ተቀምጠዋል! በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው ሲያማርር በነበረው በኢዮብ ላይ ሳይሆን፣ እግዚአብሔርን የሚከላከሉለት መስሏቸው በተናገሩት በእነዚያ ሰዎች ላይ ነበር (ኢዮብ 42፥7)። ጌታ ኢየሱስም የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች ስለ ነበሩ ነው የሚለውን ሐሳብ አልተቀበለም (ሉቃስ 13፥4)። እንግዲህ መከራን አይቶ ኃጢአትን፣ ሀብትን አይቶ በረከትን የሚያሰላ ትምህርት በመድረኮቻችን ከየት እንደ ገባ ልንጠይቅ ይገባል። ከጌታችን አልተማርነውም።

የእህታችንን ጥያቄ ቀድሞ የጠየቀው አሳፍ ነው። ዳዊት በታቦቱ ፊት እንዲያመሰግን የሾመው የመዘምራን አለቃ ነበር፤ በዛሬው አነጋገር አምልኮ የሚመራ ሰው። መዝሙር 73ን ስናነብ ብዙ ጊዜ የምንዘልለው አንድ ነገር አለ። አሳፍ እግሩ ሊንሸራተት የደረሰው መከራ ስለ በዛበት ብቻ አይደለም፤ በክፉዎች ስለ ቀና ነው። ይህን ራሱ ይናዘዛል። ሰውነታቸው የወፈረ፣ ሕመም የማያውቃቸው፣ እግዚአብሔር እንዴት ያውቃል እያሉ የሚዘብቱ ሰዎችን ሲያይ ልቡ የእነርሱን ኑሮ ተመኘ። ልቡን ንጹሕ አድርጎ መጠበቁ ከንቱ ድካም መስሎ ታየው።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። "ክፉዎች ለምን ይሳካላቸዋል?" ስንል፣ ስንቶቻችን ነን "ያ ለእኔ ለምን አልሆነም?" እያልን ያለነው? እኔ ብዬ አውቃለሁ። የምጠይቀው ፍትሕ ተጓድሎ ስለ ቆጨኝ መስሎኝ፣ ስመረምረው ግን ቅናት ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። የእህታችን ጥያቄ እንደዚያ አልነበረም። የእርሷ የቤት ኪራይ ጥያቄ ነው።

አሳፍ ወደ መቅደስ ገባ፤ ፍጻሜያቸውንም አስተዋለ። የቆሙበት ምድር የሚያዳልጥ እንደ ሆነ ገባው። ሆኖም ከመቅደስ ሲወጣ ኑሮው ተለወጠ ወይም እነዚያ ሰዎች ወደቁ የሚል አንድም ቃል መዝሙሩ ውስጥ የለም። የተለወጠው "መልካም" የሚለው ነገር ነው። መዝሙሩን ሲጀምር እግዚአብሔር ለልበ ንጹሖች መልካም ነው ይላል፤ ሲጨርስ ለእርሱ መልካሙ ወደ እግዚአብሔር መቅረብ እንደ ሆነ ይናገራል። በመካከል ቀኝ እጁን ማን ይዞት እንደ ነበር አውቋል።

ይህ በአገራችን የታየ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ዘመን ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ነበር፤ መንጋውን ትተው መሄድን አልመረጡም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከአምልኮ ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ተገረፉ፤ ወደ ዐሥር ዓመት ገደማም ታሰሩ። የሥርዓቱ መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግን በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። በ1999 ዓ.ም. በሌሉበት የዕድሜ ልክ እስራት፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ሞት ተፈርዶባቸዋል። ፍርዱ አልደረሰባቸውም፤ በስደት አገራቸው አረጁ።

አሳፍ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር? ሒሳቡ እዚህ ምድር ላይ አልተዘጋም፤ ተዘግቷል ብለን ብናስመስል እንዋሻለን። የክርስትና እምነት የሚለው ሒሳቡ የሚዘጋበት ቀን አለ፣ ፈራጁም በእጁ የችንካር ምልክት ያለበት ነው። አንተ ገና እምነትን በመፈለግ ላይ ያለህ አንባቢ፣ ይህን ልብ በል። የስቅለት ዕለት ነፍሰ ገዳዩ በርባን ተፈትቶ ሲሄድ፣ በደል ያልተገኘበት ተሰቀለ። እኛ የምናመልከው ይህን ጥያቄ ከሩቅ ሆኖ የሚሰማ አምላክ አይደለም፤ በመስቀል ላይ እርሱ ራሱ "ለምን" ብሎ ጮኋል። በሦስተኛው ቀን ባይነሣ ኖሮ ግን ለእህታችን የምለው ምንም ባልነበረኝ።

ያን እሑድ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። መዝሙሩን አብረን አነበብን፤ አለቀሰች፣ እኔም ዝም አልኩ። ባለቤቷ አሁን በአንድ የሕንፃ ሥራ ላይ በቀን ክፍያ ዕቃ ይቆጣጠራል። ሲሚንቶ ሲገባ አንድ በአንድ ይቆጥራል አሉ፤ ያልገባውን አሁንም አይፈርምም። ረቡዕ ማታ ጥቂት ሆነን ቤታቸው እንሄዳለን። የሁለት ወር ኪራይ አለባቸውና ባዶ እጃችንን አንሄድም።