ያረጀ የውሃ ቧንቧ አስቀድሞ ስለ መለወጥ

አስተዋይ ነጋዴ የመጋዘኑን ጣራ የሚያድሰው ክረምት ሳይገባ ነው፤ ዕቃው ከራሰ በኋላ የሚደረግ እድሳት የጠፋውን አይመልስምና። የከተማ የውሃ ቧንቧም ደንቡ ይኸው ነው።

በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት የሚገኙት ላንሲንግና ፍሊንት ለዚህ ምስክር ናቸው። በሁለቱም ከተሞች ከዋናው መስመር ወደ መኖሪያ ቤት ውሃ የሚያደርሱት ብዙዎቹ ቧንቧዎች የእርሳስ ነበሩ፤ እርሳስም በውሃ ሲሟሟ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው።

ላንሲንግ አደጋ ሳይደርስባት፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2016 ዓ.ም. ከ12,000 የሚበልጡ ቧንቧዎችን አውጥታ በመዳብ ተካች፤ ወጪውም ወደ 44 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ፍሊንት ግን በ2014 ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ውሃዋ ከወንዝ እንዲቀዳ ተደረገ፤ ቧንቧን ከመበላት የሚጠብቀው መድኃኒት ስላልተጨመረበት እርሳሱ ወደሚጠጣው ውሃ ገባ። ቧንቧዎቹ መለወጥ የጀመሩት ሕዝቡ ከተጎዳ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። በ2021 ፍርድ ቤት ያጸደቀው የካሣ ስምምነት ብቻ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

ገና ውሃ የሚያወርደውን ቧንቧ ቆፍሮ ማውጣት ገንዘብ ማባከን ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ እነዚህን ሁለት ሒሳቦች ጎን ለጎን አድርጎ ያስተያያቸው። ገንዘቡ በካሣ ይተካ ይሆናል፤ የሕፃን ጤና ግን በየትኛውም ገበያ ተገዝቶ አይመለስም።