ፀሐይ ቀድማ የምትጠልቅበት ጫካ

ኦክቶበር ሲጋመስ ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከአሌክሳንድሪያና ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚነሱ መኪኖች ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቨርጂኒያው ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ይጎርፋሉ። ስካይላይን የሚባለው መንገድ በተራራው ጀርባ ላይ 169 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል፤ ዳር ዳሩን መቆሚያ አለው። ቤተሰብ ይወርዳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ከሐበሻውም ብዙው የሚያውቀው ሼናንዶዋ ይኸው ነው። ፓርኩ ግን ከ800 ኪሎ ሜትር የማያንስ የእግር መንገድ አለው፤ ከመኪናው አሥር ደቂቃ የራቀ ሰው የሚያገኘው ጫካ ሌላ ነው።

ቀኑ ሲያጥርና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ዛፉ አረንጓዴውን ክሎሮፊል መሥራት ያቆማል፤ ሞቃቱን ወራት ሙሉ ከሥሩ ተሸፍኖ የከረመው ቢጫ ብቅ ይላል። የሂከሪውና የቱሊፕ ዛፉ ወርቃማነት ከዚህ የመጣ ነው። የቀይ ሜፕል ቅላት ግን ዛፉ በዚያው ሰሞን እንደ አዲስ የሚሠራው ቀለም ነው። ኦኩ ሁሉንም አሳልፎ ዘግይቶ ይጠይማል። ለውጡ ከአናት ጀምሮ ወደ ሸለቆ ስለሚወርድ፣ ቁልቁል የሚጓዝ እግረኛ ከረገፈው ወደ ቀላው፣ ከቀላው ገና አረንጓዴ ወደሆነው ያልፋል። በመኪና መስኮት እየታየ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ይህን ለማየት ደግሞ ብቻን መሄድን የሚያህል የለም። በቡድን የሚሄድ ሰው የከተማውን ወሬ ይዞ ይገባል፤ ብቻውን ያለ ባሻው ይቆማል፣ ባሻው ይመለሳል፣ የኦክ ፍሬ ቅጠል ላይ ሲወድቅ ይሰማል።

ብቻ የመውጣቱ ወሬ ቤት ሲደርስ ግን መልሱ የታወቀ ነው፤ «ብቻሽን? ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» በቤተሰብ ዓይን ብቻውን ጫካ የሚገባ ወይ መናኝ ነው፣ ወይ ያኮረፈ። ይሁንና ኤማ ጌትዉድ የምትባል የኦሃዮ ሴት፣ የ11 ልጆች እናት፣ እ.ኤ.አ. በ1955 በ67 ዓመቷ ከጆርጂያ እስከ ሜን ከ3,200 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን የአፓላቺያን የእግር መንገድ ብቻዋን ጨርሳዋለች። ያ መንገድ በዚሁ በሼናንዶዋ ውስጥ ያልፋል። ለልጆቿ የነገረቻቸው በእግሯ ልትንሸራሸር መውጣቷን ብቻ ነበር።

እናቶች አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ድብ ነው። ጥቁር ድብ በእርግጥ አለ፤ በመጸው ለክረምቱ ስብ ለማጠራቀም የኦክ ፍሬ ሲለቅም ይውላል። ሰው ላይ መድረሱ ግን ብርቅ ነው፤ ሳይሮጡ፣ ፊትን ሳያዞሩ ቀስ ብሎ ማፈግፈግ ይበቃል።

ይልቅ የሚያሳስበው ሰዓቱ ነው። ኢትዮጵያ ያደገ ሰው ፀሐይ የምትጠልቀው ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት አካባቢ መሆኑን በልቡ ይዞ ነው የመጣው። ቨርጂኒያ ላይ በኦክቶበር ቀኑ በየዕለቱ ከሁለት ደቂቃ በላይ ያጥራል። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓቱ ወደኋላ ሲመለስ ደግሞ በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 5 ሲል ፀሐይዋ መጥለቋ ነው፤ በተራራው ምሥራቃዊ ጎን ጥላው ከዚያም ይቀድማል። ጉዞውን እኩል ቀን ላይ የጀመረ ሰው መውረጃው ላይ ይጨልምበታል። የመመለሻ ሰዓትን ከቤት ሳይወጡ መቁረጥ፣ ጫፉ ቢቀርም በዚያ ሰዓት መዞር፣ የግንባር ባትሪና ካርታ መያዝ ግድ ነው።

ስልክ የባትሪውንም የካርታውንም ቦታ አይተካም። እ.ኤ.አ. በ2013 በሜን ጫካ አንዲት የ66 ዓመት ተጓዥ ለመጸዳዳት ከዚያው ከአፓላቺያን መንገድ ወጣ ብላ መመለሻው ጠፋባት። ለባለቤቷ የጻፈቻቸው መልእክቶች ኔትወርክ ስላልነበረ አልደረሱም። ሰፊ ፍለጋ ተደርጎ አስከሬኗ የተገኘው በ2015 ነው፤ ከመንገዱም ብዙ አልራቀም ነበር። ማስታወሻዋ ቢያንስ 26 ቀን በሕይወት እንደቆየች ያሳያል።

በመጸው የረገፈው ቅጠል መንገዱንም፣ ድንጋዩንም፣ ሥሩንም አንድ አድርጎ ይሸፍናል። በሼናንዶዋ እግረኛውን የሚመራው ዛፍ ላይ የተቀባው ሰማያዊ ምልክት ነው፤ የአፓላቺያኑ ነጭ ነው። ምልክቱ ከጠፋ ወደፊት መገመት አይገባም፤ መጨረሻ ወደታየው ምልክት መመለስ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ለሚወጣ ሰው 1,235 ሜትር ከፍታ ያለው የፓርኩ ከፍተኛ ተራራ ሆክስቢል ጥሩ ነው፤ በአጭሩ መንገድ ደርሶ መልሱ 3 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ዳገቱ ግን ትንፋሽ ያሳጥራል። ዝነኛው ኦልድ ራግ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ በእጅም በጉልበትም የሚወጣ ቋጥኝ ስላለበት፣ ለመጀመሪያው መጸው አብሮ የሚወጣ ሰው ይፈለግለት።