ድልን አስቀድሞ መቁጠር

በአሜሪካ ኮሌጆች የትግል ውድድር ወራት በተቃረበ ቁጥር ደጋፊዎች «ጀግናችንን ዘንድሮስ ማን ይጥለዋል?» ይባባላሉ። ጨዋታው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን የአይዋ ስቴቱን ዳን ጌብልን እናስታውስ። ከ100 በላይ የኮሌጅ ግጥሚያዎችን በተከታታይ ካሸነፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በመጨረሻው የፍጻሜ ግጥሚያ በላሪ ኦዊንግስ 13 ለ 11 ተረታ። ኦዊንግስ እሱኑ ለመግጠም ሲል ክብደቱን ቀንሶ ነበር የመጣው። እኛ የአንዱን ድል ስንቆጥር ሌላውም ይዘጋጃል ማለት ነው። ጌብል ግን በሽንፈቱ አልተሰበረም፤ በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ አንድ ነጥብ እንኳ ሳይቆጠርበት ወርቅ አገኘ። ታጋዩም እንደ እኛው ተማሪ ነው። ስለዚህ ገና ያልተገኘውን ድል እንደ ዕዳ አንጫንበት፤ ቢያሸንፍ እናጨብጭብለት፣ ቢወድቅም ከጎኑ እንቁም እንላለን።